ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ አሜሪካ ለሚገባ ሰው፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት አያያዝ

ይህ መመሪያ የመኖሪያ ቪዛው እጁ ገብቶ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ተነስቶ አሜሪካ ለመኖርና ለመሥራት ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ነው። ስለ ቪዛ አወጣጥ አይናገርም። ሻንጣ ከሚታሰርበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ ድረስ ምን ከምን ቀድሞ መሠራት እንዳለበት ነው የሚያሳየው።

ቅደም ተከተሉን የምናጠብቀው በምክንያት ነው። አገር ቤት ሰው የሚታወቀው በዘመድ አዝማዱና በጎረቤቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስሕተት ቢኖር እንኳ ምስክር ይቆምለታል። አሜሪካ ግን የሚታወቁት በተጻፈው ስምዎ፣ በተጻፈው አድራሻዎና በተጻፈው ሰዓትዎ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተዛባ ደሞዝ ይዘገያል፣ ካርድ ይጠፋል፣ ሥራም ይታጣል፤ ያኔ ትጉ ሠራተኛ መሆን ብቻውን አያድንም።

ከመነሳትዎ በፊት እዚሁ የሚያልቅ ሥራ

በመጀመሪያ ስም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎና የአባትዎ ስም በአንድ መስመር፣ የአያትዎ ስም ደግሞ በቤተሰብ ስም መስመር ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ አሜሪካ ሲደርሱ ላስት ኔም የሚባለው የአያትዎ ስም ነው። አስቴር ታደሰ ኃይሌ የምትባል ሴት በሥራ ቦታዋ «ሚስ ኃይሌ» ትባላለች፤ የአባቷ ስም ወደ አንዲት ፊደል ያጥራል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ባልና ሚስት የተለያየ ላስት ኔም ይኖራቸዋል፣ የልጆቹም ከአባታቸው ይለያል፤ በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤትና የጤና መድን ቢሮ «የማን ልጅ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለዚህ መልሱ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ሁለቱንም በእንግሊዝኛ አስተርጉመው፣ ስሞቹ በላቲን ፊደል ልክ እንደ ፓስፖርቱ መጻፋቸውን ፊደል በፊደል አመሳክረው ይያዙ። አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ቢጎድል ወይም ቢደገም፣ ኮምፒዩተሩ እርስዎን ሁለት ሰው አድርጎ ያነብዎታል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የቀበሌ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፉ በመካከላቸው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይታያል። ቅጽ ሲሞሉ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። አጻጻፉም ወር፣ ቀን፣ ዓመት ነው፤ 03/07 ማለት ማርች 7 እንጂ ጁላይ 3 አይደለም።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ማስረጃ። ዲግሪና ዲፕሎማ በአሜሪካ መመዘኛ የሚገመግሙ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚቀበሉት ተማሪው በእጁ የያዘውን ሳይሆን ሬጅስትራሩ አሽጎ በቀጥታ የላከውን ትራንስክሪፕት ነው። ከአሜሪካ ሆኖ ይህን ማስፈጸም ወራት ስለሚፈጅ፣ የወጪ መጋራትና የክሊራንስ ጉዳይ ካለ አስቀድመው ይጨርሱ፤ ሬጅስትራር ቤት ጉዳዩን የሚከታተልልዎ ሰውም ይወክሉ።

ሦስተኛ፣ ውክልና። ቤት ወይም ቦታ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶ ይሄዳል፤ ይህ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሥልጣኑ በዝርዝር ይጻፍ፦ ማከራየት፣ ግብር መክፈል፣ ከባንክ ማውጣት፣ ማስረጃ መቀበል፣ መሸጥ ከተፈለገም መሸጥ። የገጠር የእርሻ መሬት ካለዎ ለማን፣ ለስንት ጊዜ እንደሰጡት በጽሑፍ አድርገው በቀበሌው መሬት አስተዳደር ያስመዝግቡ። በቃል «ለወንድሜ ትቼው ሄድኩ» የተባለ መሬት በኋላ ወንድማማቾችን ሲያካስስ የታየው ስንት ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ሻንጣ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ችግር የለባቸውም። ሥጋ ነክ ነገር ግን ቋንጣም ቢሆን አይገባም። የያዙትን ምግብ ሁሉ ለመርማሪው ይናገሩ፤ የተናገሩት ቢወሰድብዎ ቅጣት የለውም፣ የደበቁት ከተገኘ ግን ያስቀጣል። ጫት ፈጽሞ አይያዝ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከከባድ አደንዛዥ ዕፆች ተርታ ስለተመደበ፣ «ለዘመድ አድርስልኝ» የተባለ አንድ እስር ግሪን ካርድ እስከ ማሳጣት ይደርሳል። የሕክምና ምርመራ ፖስታ ወይም የራጅ ሲዲ ከተሰጠዎ፣ የክትባት ካርዱን ጨምረው በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የታሸገ ፖስታ አይክፈቱ።

ትኬቱንም ይመልከቱ። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት እና ቴክሳስ ያለው ዳላስ በእኛ አነጋገር አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው መለያው አይ ኤ ዲ፣ ሁለተኛው ዲ ኤፍ ደብልዩ ነው። የሚቀበልዎ ዘመድ ሌላ ከተማ ቆሞ እንዳይጠብቅ መለያውን በጽሑፍ ይላኩለት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ አድራሻና ፖስታ

መግቢያው ላይ መርማሪው ቪዛው ላይ ማህተም ይመታል። ያ ገጽ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ዕለቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ለራስዎ ኢሜይል ይላኩት። ፕላስቲኩ ካርድ የሚታተመው 235 ዶላሩ የኢሚግራንት ክፍያ በኢንተርኔት ሲከፈል ነው፤ ካልተከፈለ ምንም ያህል ቢጠብቁ አይመጣም። ከተከፈለም በኋላ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል።

ካርዱ የሚመጣው በፖስታ ስለሆነ የፖስታ ሳጥኗን ነገር በትኩረት ይያዙት። አዲስ ገቢ ሰው የሚያርፈው ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ቤት ነው። ሳጥኗ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ብቻ ከሆነ፣ ፖስተኛው የማያውቀውን ስም ሲያይ ደብዳቤውን ሊመልሰው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስምዎን ልክ እንደ ፓስፖርቱ በትንሽ ወረቀት ጽፈው በሳጥኗ በር ውስጠኛ ጎን በፕላስተር ይለጥፉ። የአፓርታማ ቁጥሩንም በሁሉም ቅጽ ላይ ይጻፉ፤ መንገዱና የሕንፃው ቁጥር ብቻውን ሁለት መቶ አባወራ የሚኖርበትን ሕንፃ ነው የሚያመለክተው።

ካርዱ ሳይደርስ ቤት ከቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኢንተርኔት ያስታውቁ። በፖስታ ቤት የአድራሻ ቅያሪ ማስመዝገብ ብቻውን አይበቃም። ይህ የ10 ቀን ግዴታ ካርዱ ከመጣ በኋላም ቤት በቀየሩ ቁጥር ይቀጥላል።

ለሥራና ለግብር የሚያገለግለውን የመንግሥት መለያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ በቪዛ ማመልከቻው ላይ ጠይቀው ከነበረ ካርዱ ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ ይመጣል። ካልጠየቁ ወይም ከዘገየ ፓስፖርትዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂዱ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ «በፍጥነት እናወጣልዎታለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ። ካርዱን በኪስ ይዘው አይዙሩ። «ቁጥርዎ ታግዷል፣ በጊፍት ካርድ ይክፈሉ» ብሎ የሚደውል ሁሉ ሌባ ነው፤ ስልኩን ይዝጉ።

የጤና መድን ማመልከቻ ከገቡበት ቀን አንስቶ 60 ቀን ውስጥ ካልገባ እስከ ቀጣዩ የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ይመጣል። የመንግሥት የሆነው ሜዲኬይድ ለአዲስ ግሪን ካርድ ያዥ አዋቂ በብዙ ግዛቶች አምስት ዓመት ያስጠብቃል። በድንገት ከታመሙ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ አይመልስዎትም፤ ሂሳቡ ግን በፖስታ ተከታትሎ ይመጣል። ደብዳቤው ሲደርስ ሳይደነግጡና ሳይጥሉት ደውለው «ፋይናንሻል አሲስታንስ» (የክፍያ እርዳታ) ይበሉና ቅጹን ይጠይቁ። ሐኪም ፊት ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ «አምሃሪክ» የሚለውን ቃል ብቻ ይናገሩ። ለድንገተኛ አደጋ ወደ 911 ሲደውሉም እንደዚሁ።

ሰዓት

አዲስ ገቢ ሰው ሥራ የሚያጣው በስንፍና ሳይሆን በሰዓት አቆጣጠር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ።

የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል፦ የእነሱ 7 ኤኤም የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ችግር ያለው ቀኑ የሚለወጥበት ሰዓት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ በእነሱ ግን እኩለ ሌሊት ላይ። የመጋዘን ወይም የኤርፖርት ሥራ ፕሮግራም ላይ «ማክሰኞ 12፡00 ኤኤም – 8፡30 ኤኤም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ለእኛ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው። ሰኞ እራትዎን በልተው 5 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት መውጣት አለብዎት። አንዱ ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሌላው ማክሰኞ ማታ ይሄዳል፤ ሁለቱም «ሳይናገር የቀረ» ተብለው ይመዘገባሉ። ፕሮግራሙ እንደደረሰዎ በስልክዎ ካላንደር ላይ ከነቀኑ ያስገቡትና ለአለቃዎ «ሰኞ ሌሊት ነው የምገባው፣ ልክ ነኝ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቤተሰብ ጋ ለመደወል ደግሞ አንድ አቋራጭ ስሌት አለ። ዋሽንግተን ያለ ሰው በበጋቸው የግድግዳ ሰዓቱ ላይ ባለው ቁጥር 1 ሲጨምር የደብረ ብርሃንን ሰዓት በእኛ አነጋገር ያገኛል፤ በክረምታቸው 2 ይጨምራል። ለምሳሌ በሐምሌ ዋሽንግተን ጠዋት 7 ቢል ደብረ ብርሃን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በጥር ከሆነ 9 ሰዓት። ሚኒሶታና ቴክሳስ ያለ 2 እና 3፣ ዴንቨር ያለ 3 እና 4፣ ሲያትል ያለ 4 እና 5 ይጨምራል። ሰዓቱ የሚዞረው በማርች ሁለተኛው እሑድ እና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። በእነዚያ ሁለት እሑዶች የግድግዳና የመኪና ሰዓት በራሱ ላይዞር ስለሚችል ለሥራ ሲነሱ በስልክዎ ይመሩ።

ሥራ

ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አልመጣም ብለው ሥራ ሳይፈልጉ አይቀመጡ። በሚቀጠሩበት ጊዜ የሚሞላው አይ-9 ቅጽ ማህተም ያለበትን ፓስፖርትዎን ብቻውን በቂ ማስረጃ አድርጎ ይቀበላል፤ ቀጣሪው ሥራ በጀመሩ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ወረቀቱን ማየት አለበት። የትኛውን ወረቀት እንደሚያሳዩ የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት። ቁጥሩ ሲመጣ ለደሞዝ ክፍል ይሰጣሉ።

ደብልዩ-4 የሚባለው ቅጽ ከደሞዝዎ ስንት ግብር እንደሚቀነስ ይወስናል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ወይም ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ደረጃ መሙላት አለባቸው፤ ካልተሞላ በየወሩ የሚቀነሰው አነስተኛ ይሆንና በኤፕሪል ዕዳ ይመጣል። ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት መንዝ ወይም ይፋት ያሉ ወላጆችን ጥገኛ ብሎ መጻፍ ነው። ገንዘብ ቢልኩላቸውም አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ የማይኖር የውጭ ዜጋ በግብር ቅጽ ላይ ጥገኛ ሆኖ አይመዘገብም። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሞላው» የሚል ግብር ሠሪ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ፤ ቅጹ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።

ደሞዝ ብዙ ቦታ በየሁለት ሳምንቱ ነው። የክፍያ ወረቀቱን በየጊዜው ያንብቡ። በሰዓት 17 ዶላር የሚከፈለው ሰው 80 ሰዓት ቢሠራ ጠቅላላው 1,360 ዶላር ነው። ከዚህ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ (84.32)፣ 1.45 በመቶ ለአረጋውያን የጤና መድን ለሜዲኬር (19.72) ይቀነሳል፤ የፌዴራልና እንደየግዛቱ የግዛት ግብር ይከተላል። ትርፍ ሰዓት የሚሰላው በሳምንት እንጂ በሁለት ሳምንት ድምር አይደለም። በአንዱ ሳምንት 45፣ በሌላው 35 ሰዓት ከሠሩ ድምሩ 80 ቢሆንም፣ ከ40 በላይ ያሉት አምስት ሰዓቶች በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም በ25.50 ዶላር መከፈል አለባቸው። ትክክለኛው ክፍያ 1,402.50 ነው። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በየቀኑ በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ፤ ክርክር ሲነሳ ያ ደብተር ይናገርልዎታል።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ክፍያው በደብልዩ-2 (እንደ ተቀጣሪ) ነው ወይስ በ1099?» በ1099 የሚሠራ ሰው፣ የምግብ አድራሽና የታክሲ አፕሊኬሽን ሾፌርን ጨምሮ፣ በሕግ ዓይን የራሱ ተቀጣሪ ነው። ግብር አይቀነስለትም፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬርን ሁለቱንም ወገን፣ 15.3 በመቶ፣ ራሱ ይከፍላል፣ የገቢ ግብሩ ሳይቆጠር። በየሳምንቱ ከሚገባው ሩቡን ያህል ለብቻ ያላስቀመጠ ሰው ኤፕሪል 15 ላይ ይጨነቃል።

አሁን ወደ ጠባይ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው፤ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አንድ ነገር እንደ መደበቅ ይቆጠራል። «አዎ» ለማለት ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ማለታችንን ደግሞ ፈረንጅ የሚያውቀው በድንጋጤ ጊዜ ነው። አለቃዎ መመሪያ እየሰጠ እርስዎ በየመሀሉ ትንፋሽ ቢስቡ «ምን ሆንክ?» ብሎ ያቋርጣል። «የስ» ብለው ድምፅ ያውጡ። ያልገባዎትን ነገር ራስ ነቅንቀው አይለፉ፤ የማሽን ሥራ ላይ ይህ ጣት ያስቆርጣል። የተነገረዎትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩትና «እንዲህ ነው?» ይበሉ። ምግብ ወይም ቡና ሲቀርብልዎ በይሉኝታ አንዴ «አይ፣ ይቅርብኝ» ካሉ ሁለተኛ የሚለምንዎ የለም። «ወፍረሃል»፣ «ከስተሻል»፣ «ስንት ዓመትሽ ነው?» የሚሉት እኛ ጋ የመቀራረብ ምልክት ናቸው፤ እዚያ ግን ሰው ያስከፋሉ፣ አንዳንዴም ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ያስጠራሉ።

ከታመሙ ወይም አውቶቡስ ካመለጠዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይደውሉ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ ይላኩ። በዓልን በተመለከተ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሃይማኖት ጥያቄን ሥራውን ክፉኛ እስካልጎዳ ድረስ የማስተናገድ የሕግ ግዴታ አለበት። ግን ካልጠየቁ አያውቅም። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንድ ዓመት 20) መሆኑን፣ የትንሣኤን ዕለት፣ ሙስሊም ከሆኑም የዒዶቹንና የጁምዓ ሶላትን ሰዓት ወር ቀደም ብለው በኢሜይል ያሳውቁ። ጾም የሚይዝ ሰው ከዕረፍት ሰዓቱ ጋር የሚገጥም ፕሮግራም ሊጠይቅ ይችላል፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጾሞ ከባድ ዕቃ ከማንሳት ምሽት ገብቶ መሥራት ይሻላል።

ቤት ውስጥ፦ ከሰል፣ ጭስና ምጣድ

ከሁሉ በፊት፦ ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም። ቡናም ለማፍላት ቢሆን፣ ማሞቂያም ቢበላሽ። እዚያ ያለው ቤት በርና መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ ተደፍኖ የተሠራ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ የለውም፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ቤተሰብ በተኛበት ይጨርሳል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ ላይ፣ ማራገቢያውን ከፍተው፣ መስኮት ገለጥ አድርገው ይቁሉት። የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ በፎጣ ያራግቡለት እንጂ ባትሪውን አያውጡ፤ ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው፣ ማውጣቱም ከኪራይ ውል ጋር ያጣላል። ዕጣን ጥቂት፣ ከማስጠንቀቂያው ራቅ ብሎ።

ምጣድ ከአገር ቤት አይውሰዱ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የእነሱ 120 ነው፤ ባለ 220ው ምጣድ እዚያ ሲሰካ ኃይሉ ከሲሶ በታች ይወርድና እንጀራው አይን ሳያወጣ ይደርቃል። እዚያው የሚሸጠው ባለ 1,500 ዋት ምጣድ 12.5 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ማይክሮዌቭ በዚያው መስመር ላይ ካለ ቆጣሪው ይወድቃል። ምጣዱ ሲሞቅ ሌላውን ይንቀሉ፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አይጠቀሙ።

ሊጡም ይለወጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ አራት ቀን ይፈጅ የነበረው፣ 22 ዲግሪ የሚሞቅ አፓርታማ ውስጥ በሁለት ቀን ይቦካል፤ በለመዱት ልክ ካቆዩት ይኮመጥጣል። ለአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት አንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ውኃና ጥቂት እርሾ ይበቃል። ከላይ የጠራውን ውኃ አፍስሰው፣ አንድ ሲኒ ሊጥ በሦስት ሲኒ ውኃ አብስለው አብሲት ይጣሉና አንድ ሰዓት ያህል እስኪነፋ ይጠብቁ። ንጹሕ ጤፍ ሲጋገር የሚሰነጣጠቅ ከሆነ የመንዝ ሰው የሚያውቀውን ያድርጉ፦ ሩቡን ገብስ። ወጡ ግን ፈጥኖ ይበስላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ቆላ ባሉት ከተሞች በ100 ስለሚፈላ፣ ምስርና ድንች እንዳይፈርሱ ቶሎ ቶሎ ይዩ።

ብርዱ

ከ2,800 ሜትር በላይ ካለች ከተማ የመጣ፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ሰው «ብርድ ለምጃለሁ» ይላል። የእኛ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ሚኒሶታ ውስጥ በጥር ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ሊውል ይችላል። ስልክ ላይ የሚያዩት ፋራናይት ነው፤ ውኃ የሚረጋው በ32 ነው፣ «0» ማለት በእኛ መለኪያ ከዜሮ በታች 18 ማለት ነው። ከሥር የሚጣበቅ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ። ጥጥ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል፤ ጋቢም ቤት ውስጥ ነው የሚያምርበት። ጫማ ወፍራም ካልሲ እንዲያስገባ ግማሽ ቁጥር ሰፋ ይበል። ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቅ አፍንጫ መድማትና ከንፈር መሰንጠቅ ይመጣል፤ ቫዝሊንና ውኃ ያበዙ።

ገንዘብ

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ወደ ቤት የሚላከውን ትንሽ ያድርጉት፤ የሚቻል ከሆነም ከመሄድዎ በፊት ለቤተሰብ ቁርጡን ይንገሩ። መጀመሪያ የላኩት መጠን እንደ ቋሚ ደሞዝ ይቆጠራል፣ ከዚያ ዝቅ ማለት ቅያሜ ያመጣል። ለቅሶም፣ ሠርግም፣ ሕመምም ሲኖር የሚያጣራና የሚነግርዎ አንድ ሰው ከቤተሰቡ ይምረጡ። ከ2026 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ለሚላክ ሐዋላ አሜሪካ 1 በመቶ ታስከፍላለች፤ ከባንክ ሂሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ሲላክ ግን አይከፈልም።

ቤት ለመከራየት፣ መኪና ለመግዛት የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ዕዳን በጊዜው የመክፈል ታሪክ፣ ይጠየቃል። 300 ዶላር ያህል አስይዘው ሴክዩርድ ካርድ ያውጡ፣ ከገደቡ ከ30 በመቶ በታች ይጠቀሙ፣ በየወሩ ሙሉውን ይክፈሉ፤ በስድስት ወር የክሬዲት ነጥብ ይወጣልዎታል። ለሌላ ሰው የመኪና ብድር ዋስ አይፈርሙ። ዋስትና እዚያ ሽምግልና የለውም፤ ባለዕዳው ሲቀር ዕዳው በቀጥታ የእርስዎ ነው። ያገር ልጅ ዕድር ካለ ግን በመጀመሪያው ዓመት ይግቡ።

ግሪን ካርድ የሚያሳጡ ነገሮች

መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ተብለው ይጠየቃሉ። መልሱ «አልፈልግም» ነው። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወይም መምረጥ፣ ሳያውቁ ቢሆንም፣ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል።

መንገድ ላይ ፖሊስ ከኋላ መብራት ሲያበራብዎ ወደ ቀኝ ዳር ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሁለት እጅዎን መሪው ላይ ያስቀምጡ። እኛ ዘንድ ወርዶ ወደ ትራፊኩ መሄድ አክብሮት ነው፤ እዚያ ከመኪና መውረድ እንደ ጥቃት ሊታይ ይችላል። ሰነድ ሊያወጡ ሲሉ እጅዎ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ይናገሩ። ገንዘብ ማውጣት ጨርሶ አይታሰብ። ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራት አብርቶ ሲቆም፣ መካከለኛ መለያ በሌለው መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውም ይቆማል።

ልጅ መምታትም የቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። መምህር ምልክት ካየ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለበት፤ ትንሽ ልጅ ብቻውን ቤት ዘግቶ ሥራ መሄድም ያስጠይቃል። የሥራ ፈረቃችሁን ባልና ሚስት አቀያይራችሁ አስተካክሉ።

አገር ቤት ለመምጣት ሲያስቡ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቆይታ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ለዜግነት የሚቆጠረው ተከታታይ ጊዜ ሊቋረጥብዎ ይችላል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ብቻውን ለመመለስ አያበቃም። ወላጅ ለማስታመም ወይም ውርስ ለማስጨረስ ረጅም ጊዜ መቆየትዎ ካልቀረ የመመለሻ ፈቃድ ከአሜሪካ ሳይወጡ ያመልክቱ፤ ደብረ ብርሃን ከደረሱ በኋላ ማመልከት አይቻልም።